የደብረ ብርሃኑ ስላይድ፦ የብልሃርዚያ እንቁላል ነው ወይስ ሌላ?

የላብራቶሪ ሰዎች በሚገናኙበት አንድ የውይይት መድረክ ላይ የተከፈተ ክር ሰሞኑን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ጉዳዩ ሽንት ነው። ለካንሰር ምርመራ በተዘጋጀ የሽንት ስላይድ ላይ ከታማሚው አካል ያልወጣ ነገር ሲገኝ፣ ወይም ደህና ሴል ካንሰር መስሎ ሲታይ በምን እንለየዋለን የሚል። ክሩ ረጅም ነው። ቁጣም አለበት። ግን በየመሀሉ የተጻፈው ቁም ነገር ተበትኖ መቅረት የለበትም። ስለዚህ የመልሶቹን ቁጥር እየተከተልኩ በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ።

ክሩን የከፈተው ደብረ ብርሃን አካባቢ የሚሠራ ወጣት የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። አንድ አዛውንት ገበሬ ሽንታቸው ደም እየቀላቀለ አስቸግሯቸው ይመጣሉ። ሽንታቸው ሴንትሪፉጅ ገብቶ ስላይድ ይሠራለታል፤ ሴሎችን አጉልቶ በሚያሳየው በፓፓኒኮላው ቀለምም ይቀለማል። ልጁ ስላይዱን ሲያይ ቡናማ፣ ሞላላ፣ አንድ ጫፉ የሾለ ነገር ያገኛል። በስልኩ ሦስት ፎቶ አንስቶ ለጠፈ። ከሥሩ የጻፈው ድምዳሜውን ነው። የሽንት ብልሃርዚያ የተባለው ጥገኛ ትል እንቁላል ነው አለ። አዛውንቱ ከቀያቸው ርቀው ስለማያውቁ በሽታው ደጋ ወጥቷል ማለት ነው ሲልም ጨመረ። ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሊያሳውቅ እየተዘጋጀ መሆኑንም ጻፈ።

መልስ 1 እና 2 የምስጋና ናቸው። ሁለቱም ጥሩ ዓይን እንዳለው ነገሩት። ሁለተኛው ትንሽ ትምህርት አከለበት። የሽንት ብልሃርዚያ እንቁላል እሾሁ ጫፉ ላይ ነው፤ የአንጀት ብልሃርዚያው ግን ጎኑ ላይ ነው። ይህ ልክ ነው። ልጁንም ይበልጥ ያሳመነው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

መልስ 3 አንድ መስመር ብቻ ነበር። መጠኑ ስንት ነው የሚል ጥያቄ። ለእኔ የክሩ ምርጥ መልስ ይህ ነው። ልጁ ማይክሮስኮፑ የመለኪያ ሌንስ እንደሌለው ሲናገር፣ ሰውዬው በመልስ 5 ተመልሶ ዘዴውን አሳየው። ፎቶው ላይ አጠገቡ ነጭ የደም ሴል አለ። ኒውትሮፊል የሚባለው ዓይነት ነው፤ መጠኑም ከ10 እስከ 12 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ያህል ነው። ቡናማው ነገር የኒውትሮፊሉን ሦስት ወይም አራት እጥፍ ቢሆን ነው፤ ማለትም ወደ 40 ማይክሮን። የሽንት ብልሃርዚያ እንቁላል ግን ርዝመቱ ከ110 እስከ 170 ማይክሮን፣ ስፋቱ ከ40 እስከ 70 ማይክሮን ነው። ቅርጽ ያታልላል፣ መጠን ግን ያጋልጣል የሚል ሐሳብ ነበር ያነሳው። መለኪያ የሌለው ላብራቶሪ እንኳ ቀይና ነጭ የደም ሴል አያጣም።

በመሀል የገባው መልስ 4 አዋሽ ሸለቆ፣ አሚባራ አካባቢ ከሠራች እህት ነው። ብዙ እውነተኛ እንቁላል ያየች ሰው መሆኗ ከአጻጻፏ ያስታውቃል። እንቁላሉ ሲታይ ቡናማ አይደለም አለች፤ ቅርፊቱ ስስና ብርሃን አሳላፊ ነው፣ ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ትኩስ ሽንት ውስጥ ከሆነ በውስጡ ያለው እጭ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ዙሪያው በቀይ የደም ሴል ይሞላል። ሽንቱ የሚወሰድበት ሰዓትም ለውጥ ያመጣል። እንቁላሉ በብዛት የሚወጣው ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። አገራችን ውስጥ የሚታወቀውም በቆላ ነው፦ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በሱዳን ድንበር ኩርሙክ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌ። አስተላላፊው ቡሊነስ የተባለ ቀንድ አውጣ ነው። ደጋውና ወይና ደጋው ላይ በየሐይቁና በየወንዙ የምናውቀው ሌላው፣ የአንጀቱ ብልሃርዚያ ነው። እህታችን ይህን ሁሉ የጻፈችው በትሕትና ነው። ልጁን ወንድሜ እያለች።

ልጁ ግን አልተዋጠለትም። በመልስ 6 የአየር ንብረት እየተለወጠ ስለሆነ ቀንድ አውጣውም ሊወጣ ይችላል ብሎ ተከራከረ። ወባ ወደ ደጋ መውጣቱን ምሳሌ አደረገ። ሐሳቡ ሞኝነት የለበትም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ አዲስ የበሽታ ሥርጭት በአንድ ስላይድ ላይ በታየ አንድ ነገር አይታወጅም። መልስ 7 ይህን በቁጣ ነገረው። ቃሉ ይከብድ ነበር፤ ባይጻፍ ይሻል ነበር።

መልስ 8 ክሩን ቀየረው። የጻፈው ሰው የላብራቶሪ ባለሙያ አይደለም። የሰብል በሽታ የሚያጠና የግብርና ሰው ነው። ፎቶውን አንድ የሚያውቀው ሰው ልኮለት ነው የገባው። አልተርናሪያ የተባለ ሻጋታ ዘር መሆኑን እርግጠኛ ሆኖ ተናገረ። ምልክቶቹን አንድ በአንድ ዘረዘረ። ቀለሙ የራሱ ነው፤ ከመቀለሙም በፊት ቡናማ ነው። አንዱ ጫፉ ሰፊ ሆኖ ወደ ሌላው እየቀጠነ በምንቃር ይጨርሳል። ልጁ እሾህ ያለው ያንን ምንቃር ነው። ወሳኙ ግን ውስጡ ነው። አልተርናሪያ ውስጡ በግድግዳ የተከፋፈለ ነው፤ በአግድምም በቁመትም። የትል እንቁላል እንዲህ ያለ ክፍልፋይ የለውም። ፎከሱን ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ቢያደርገው ግድግዳዎቹን እንደሚያገኛቸው ነገረው። ይህ ሻጋታ ስንዴና ገብስ ላይ የሚኖር ነው። የስንዴ ፍሬ ጫፉ ላይ የሚያጠቁረውም እሱ ነው። በአጨዳና በውቂያ ሰሞን ዘሩ ከአቧራው ጋር ይበራል። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ደግሞ የገብስና የስንዴ አገር ነው።

የሙያ ድንበር ተሻግሮ የመጣ እውቀት እንዲህ ሲጠቅም ደስ ይላል። የሽንት ስላይድ የሚያነብ ሰው የአካባቢውን ሰብልና አበባ ማወቅ አለበት የሚል እምነት አደረብኝ።

በመልስ 9 ልጁ ሌላ ጥያቄ አመጣ። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ሻጋታ እንዴት ይገባል? መልስ 10 ጥያቄውን በጥያቄ መለሰለት፤ ዕቃው ምን ነበር? እውነቱ ያኔ ወጣ። የተቋሙ የሽንት ዕቃ አልቆ ነበር። አዛውንቱ ሽንታቸውን ያመጡት ቤታቸው በነበረ የውሃ ላስቲክ ነው። ታጥቦ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ግቢ ውስጥ የደረቀ።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው የየራሱን አወጣ። መልስ 11 በሽሮፕ ጠርሙስ የመጣ ሽንት ስኳር አሳይቶ ታማሚውን በስኳር በሽታ እንዳስጠረጠረ ተረከ። መልስ 12 በዘይት ዕቃ የመጣ ሽንት ላይ ስለሚታዩ ክብ የሚያብለጨልጩ ጠብታዎች ጻፈ። መልስ 13 የጠላና የቢራ ዕቃን አነሳ። እርሾ ከዕቃው ይገባና ታማሚው ፈንገስ አለበት ይባላል። እርሾ ከቀይ የደም ሴል ጋር ለሚምታታባቸውም መፍትሔውን አስቀመጠ። 2 በመቶ አሴቲክ አሲድ ጠብ ሲደረግበት ቀይ የደም ሴሉ ይፈርሳል፣ እርሾው ይቀራል። የሚያቆጠቁጥ ካለ ደግሞ እርሾ መሆኑ አያጠራጥርም።

መልስ 14 የተለየ ነበር፤ ቀጥታ ወቀሳ። ሁለተኛው ፎቶ ጥግ ላይ የታማሚው የካርድ ቁጥር ይታያል። ጻፊዋ ፎቶው አሁኑኑ እንዲነሳ አዘዘች። ልጁም በመልስ 15 ቆርጦ መልሶ ለጠፈው። ልክ ነች። ስላይድ ለመማማር ማጋራት ጥሩ ነው፤ የሰው ምስጢር ግን የሰው ነው።

ከመልስ 16 እስከ 21 ክሩ ወደ ሌሎች ባዕድ ነገሮች ሄደ። የጓንት ዱቄት ስታርች ተነሳ። አሜሪካ የሚሠራ አንድ ወንድም እዚያ ዱቄት ያለው ጓንት ከ2017 ጀምሮ መከልከሉን ጠቀሰ። እኛ ጋ አሁንም አለ። ስታርች በፖላራይዝድ ብርሃን (በማጣሪያ አልፎ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚርገበገብ ብርሃን) ሲታይ መሀሉ ላይ መስቀል ይሠራል። እዚህ ላይ መልስ 18 ጥሩ ማስጠንቀቂያ ጨመረ። ኩላሊቱ ፕሮቲን የሚያፈስ ሰው ሽንት ውስጥ ያለ የስብ ጠብታም ይህንኑ መስቀል ያሳያል። ስታርቹ ግን ክብነቱ የተስተካከለ አይደለም፤ መሀሉም ላይ ጎድጎድ ያለ ነው። ስለዚህ መስቀል አየሁ ብሎ መደምደም አያስኬድም።

የጥጥና የዳይፐር ክር ከካስት ጋር፣ ማለትም ኩላሊት ቱቦ ውስጥ ረግቶ ከሚወጣ ዘንግ መሳይ ነገር ጋር፣ መምታታቱም ተነሳ። ክር ጠርዙ ጥቁርና ወፍራም ነው፣ መሀሉ ሳሳ ይላል፤ በፖላራይዝድ ብርሃንም ያበራል። ካስት በተቃራኒው መሀሉ ይወፍራል፣ ብዙውን ጊዜም አያበራም። የአበባ ብናኝ የተነሳው በመልስ 20 ነው። የአደይ አበባ ቤተሰብ ብናኝ ዙሪያውን እሾሃማ ነው። የባህር ዛፍ ብናኝ ትንሽና ሦስት ማዕዘን ነው። የፓይን ብናኝ ደግሞ ግራና ቀኝ ሁለት የአየር ከረጢት አለው። ሦስቱም ወፍራም ግድግዳ ስላላቸው የትል እንቁላል ናቸው ተብለው ሪፖርት ሊደረጉ ይችላሉ። መልስ 21 ስለ ደመወዝ አማረረ። ማንም አልመለሰለትም።

መልስ 22 ሲመጣ የሁሉም ዓይን ወደ ሌላ ዞረ። የጻፈችው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የምትሠራ የሳይቶሎጂ (የሴል ምርመራ) ባለሙያ ናት። ሰው ሁሉ ቡናማውን ነገር ሲያይ የሦስተኛውን ፎቶ የላይኛ ግራ ጥግ ያየ የለም አለች። እዚያ ጥቂት ሴሎች አሉ። ኒውክለሳቸው (የሴሉ አስኳል) ትልቅና በጣም የጠቆረ ነው፤ ጠርዙም ወጣ ገባ ይላል። ሻጋታው የዕቃው ነው እንበል። የአዛውንቱ ደምስ ከየት መጣ?

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። እኔም ከነሱ ጋር እንቁላሉን ብቻ ሳይ ነበር። ባዕዱን ነገር ለይቶ ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ስላይዱ ንጹሕ ነው ብሎ መተው ደግሞ ከመጀመሪያው ስህተት ይብሳል።

ከመልስ 23 እስከ 27 ያለው ስለ እነዚያ ሴሎች ነው። አንዱ በቫይረስ የተጠቁ አታላይ ሴሎች ናቸው አለ። እነዚህ የሚመጡት ቢኬ ከሚባለው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በ1971 ኩላሊት ከተተከለለት ታማሚ ሽንት ነው የተገኘው፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ሰው ስም የመጀመሪያ ፊደላት ነው። የሜሪላንዷ እህት አልተቀበለችውም። በቫይረስ የተጠቃ ሴል ኒውክለሱ ክብና ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ ውስጡ እንደ ደፈረሰ መስታወት አንድ ወጥ ይሆናል። ክሮማቲን የሚባለው ፍርክስክስ አይታይበትም። ፎቶው ላይ ግን ሸካራ ክሮማቲን አለ። አዛውንቱም ኩላሊት አልተተከለላቸው፣ የመከላከል አቅም የሚያዳክም መድኃኒትም አይወስዱ።

ሌላው የዘር ፈሳሽ ከረጢት ሴል ነው አለ። ይህ ጥሩ ግምት ነበር። በተለይ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ላይ የእነዚህ ሴሎች ኒውክለስ እጅግ ይገዝፋል፣ ይጠቁራል። ካንሰር ነው ተብሎ ለመሳሳት ከዚህ የቀለለ የለም። መለያቸው ሳይቶፕላዝማቸው (ከኒውክለሱ ውጭ ያለው የሴሉ ክፍል) ውስጥ ያለው ወርቃማ ቡናማ ቀለም ነው። ዙሪያቸውንም የወንድ ዘር ይገኛል። ፎቶው ላይ ሁለቱም አልነበሩም።

መልስ 26 ካቴተርን (ሽንት ለማውጣት ፊኛ ውስጥ የሚገባ ቱቦ) እና ጠጠርን አስታወሰ። ካቴተር የገባበት ወይም የፊኛ ጠጠር ያለበት ሰው ሽንት ውስጥ ሴሎች በክምር ተላቀው ይወጣሉ፤ ዕጢ ይመስላሉ። ከላይኛው ሽፋን የሚላቀቁ፣ ብዙ ኒውክለስ ያላቸው ትልልቅ ሴሎችም ጀማሪን ያስፈራሉ፤ ግን ሳይቶፕላዝማቸው ሰፊ ስለሆነ ደህና ናቸው። ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለውን የካንሰር መድኃኒት የወሰደ፣ ጨረር የታከመ፣ ለፊኛ ካንሰር ሕክምና ፊኛው ውስጥ ቢሲጂ የተደረገለት ሰው ሴልም መልኩ ይቀየራል። ስለዚህ የምርመራ ወረቀቱ ላይ የታማሚው ታሪክ ካልተጻፈ አንባቢው በጨለማ ነው የሚሠራው።

መልስ 28 ላይ ድምፅ ከፍ አለ። አንድ ፓቶሎጂስት (ከሰውነት የተወሰደ ሴልና ሥጋ አይተው በሽታ የሚለዩ ሐኪም) ገብተው፣ በስልክ ፎቶ የካንሰር ክርክር መክፈት አደገኛ ነው አሉ። የፓሪስ ሥርዓት ከሚባለው የሽንት ሳይቶሎጂ ሪፖርት መመሪያ መስፈርቱን አስቀመጡ። ሥርዓቱ መጀመሪያ የታተመው በ2016 ነው፤ ሁለተኛው እትም በ2022 ወጣ። ከፍተኛ ደረጃ ካንሰር ለማለት ኒውክለሱ የሴሉን 70 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ መያዝ አለበት። መጥቆር፣ የጠርዝ ወጣ ገባነትና ሸካራ ክሮማቲንም ይታያሉ። እንዲህ ያሉ ሴሎች ቢያንስ ከ5 እስከ 10 መገኘት አለባቸው። ከዚያ ካነሱ አጠራጣሪ ነው የሚባለው። ይህን የሚወስነው ሙሉውን ስላይድ ያየ ሰው ነው።

መልስ 29 በንዴት ተመለሰ። ፓቶሎጂስት በሌለበት ከተማ ስላይድ ተልኮ መልሱ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ያውቃሉ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ሰው ወደ መድረክ የሚመጣው ሌላ በር ስላጣ ነው አለ። መልስ 30 እና 31 ወደ ግል ስድብ ወረዱ፤ አልደግማቸውም። በእኔ እይታ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ዶክተሩ ስለ መስፈርቱ ልክ ናቸው። ያኛውም ስለ በሩ ልክ ነው። በኋላ ዶክተሩ ራሳቸው በመልስ 34 ተመልሰው ስላይዱ እንዲላክላቸው ጠየቁ። ይህ ትልቅነት ነው።

በመሀል ያለው መልስ 32 በቁጣው ምክንያት ሳይነበብ እንዳይቀር እፈራለሁ። ሴሎቹ የሌላ ሰው ቢሆኑስ አለ። ስላይዶች በአንድ የቀለም ዕቃ ውስጥ ሲያልፉ ከአንዱ የተላቀቀ ሴል ሌላው ላይ ይለጠፋል። መለየት የሚቻለው በፎከስ ነው። ተንሳፍፎ የመጣ ሴል ከታማሚው ሴሎች በላይ፣ በሌላ ደረጃ ላይ ይገኛል። መከላከያውም ቀለሙን በየጊዜው ማጥለል ነው። ብዙ ሴል ያለባቸውን ስላይዶች፣ ለምሳሌ የሆድና የሳንባ ውሃን፣ መጨረሻ ላይ ማቅለምም ይረዳል። ልጁ ማታውኑ ስላይዱን መልሶ አየ። ሴሎቹ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ፎከስ ላይ ነበሩ።

መልስ 33 ድጋሚ ሽንት እንዲወሰድ መከረ። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት አምጡ በማለቱ ግን ተቃውሞ ገጠመው። ለተራ የሽንት ምርመራ የጠዋቱ የመጀመሪያ ይመረጣል፤ የጠነከረ ስለሆነ። ለሳይቶሎጂ ግን አይሆንም። ሌሊቱን ፊኛ ውስጥ ያደሩ ሴሎች ይበላሻሉ፣ የተበላሸ ሴል ደግሞ ሌላ አታላይ ነው። ሁለተኛው የጠዋት ሽንት ይሻላል። ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ይሁን፤ ቶሎ የማይሠራ ከሆነ እኩል መጠን 50 በመቶ አልኮል ይጨመርበት።

መልስ 35 ከባለሙያ አልነበረም። የአባቷ ውጤት ላይ ያልተለመደ ሴል የሚል ቃል አይታ እንቅልፍ ያጣች ሴት ናት። እስኪገርመኝ ድረስ ሁሉም ለሰለሰ። የአሚባራዋ እህት ቃሉ ካንሰር ማለት እንዳልሆነ፣ ሐኪሙ ግን ክትትል ማድረግ እንዳለበት ረጋ ብላ አስረዳቻት።

ልጁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመልስ 37 ተመለሰ። አዛውንቱ በአዲስ ዕቃ፣ በተባለው መንገድ ሽንት ሰጥተዋል። ቡናማው ነገር የለም። ሴሎቹ ግን አሉ፤ እንዲያውም በዝተዋል። ዶክተሩ ስላይዱን አይተው ለከፍተኛ ደረጃ ካንሰር አጠራጣሪ ነው ብለው ጽፈዋል። አዛውንቱ አዲስ አበባ ለሲስቶስኮፒ፣ ማለትም ፊኛን ውስጡን በካሜራ ለማየት፣ ተልከዋል። ለወረዳው ሊላክ የነበረው ሪፖርት ቀርቷል። የብልሃርዚያ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴልም አልተሰጣቸውም። የብልሃርዚያ ኪኒን ውጠው ደሙ ይቆማል እያሉ ወራት ቢጠብቁ ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር? እኔን ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

መልስ 38 ፖላራይዘር (ፖላራይዝድ ብርሃን የሚሠራው ማጣሪያ) የሌለው ላብራቶሪ ምን ያድርግ ብሎ ጠየቀ። መልስ 39 የፖላራይዝድ ፀሐይ መነጽር ሁለት መስታወት እንደሚበቃ ነገረው። አንዱ ከመብራቱ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ከዓይን ሌንሱ ላይ ይያዛል፤ እይታው እስኪጨልም ድረስ አንዱን ማዞር ነው። መልስ 40 የአሚባራዋ እህት ናት። እጇ ላይ የቆዩ የእውነተኛ እንቁላል ስላይዶች እንዳሏት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ደብረ ብርሃን በሚመጣ ሰው ሁለቱን እንደምትልክለት ጻፈች። ልጁ የሚቀበልበትን ቦታ በውስጥ መስመር ላከላት።